እስከ ሊቀ መንበሩ እምብርት

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ሐይቅ ማውራት የሐይቅ ዳር ሰውን ማስቀየም መሆኑን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሐይቅ የሌለው አገር ሰው ደግሞ «እኛን ሊያስጎመጅ ነው» ይለኛል። በቁመታቸው አጠር ያሉ ወገኖቼን በተለይ ይቅርታ እላለሁ፤ ረዘም ያሉትንም ወደ ኋላ ላይ መንካቴ ስለማይቀር ከወዲሁ ይቅር ይበሉኝ። ይህ ታሪክ ባይነገር ይሻል ነበር። እኔም ላልናገረው ቆርጬ ብዙ ጊዜ ቆየሁ፤ ግን ሆዴ ውስጥ እየተንቦጫቦጨ አላስቀምጥ አለኝ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ሆዴን መታ መታ አድርጎ «ውሃ ይዘሃል፣ ልቀቀው» አለኝ። ስለዚህ የምናገረው በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ጥፋት ካለበት የሐኪሙ ነው።

አገሩ ስም አለው፤ አልጠራውም። በዚያ አገር አንድ ሐይቅ ነበረ። እንደ ትሪ ዝርግ ነው፤ ስፋቱ ዓይን ያደክማል፣ ጥልቀቱ ግን ለመስጠም የፈለገ ሰው እንኳ ቦታ መርጦ ካልሆነ የሚሆንለት አይደለም። መሀሉ ላይ ደሴት አለ። በደሴቱ ዙሪያ ደንገል ይበቅላል፤ ደንገሉ እየታሰረ ታንኳ ይሆናል፤ ታንኳው እንጨትና ዓሣ፣ ሙሽራና ሬሳ ያመላልሳል። ሕዝቡ የሚኖረው በዚህ ነበር።

ሐይቁን የሚያስተዳድረው ማኅበር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበር ሥራ አለ። አባል የሆነ ሁሉ፣ አባል ያልሆነ ስለሌለ ሰው ሁሉ ማለቴ ነው፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ቀሚሷን አሸርጣ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንቦጭ ይነቅላል። እንቦጭ በውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር፣ አበባው ሲያዩት ደስ የሚል፣ ሥራው ግን ሐይቅ መብላት የሆነ አረም ነው። ሲነቀል ይዋላል። ሥራው ሊያልቅ ሲል መላሽ የሚባለው ሹም ይመጣል። የመላሹ ሥራ ከተነቀለው እንቦጭ አንድ እቅፍ አንስቶ ወደ ውሃው መመለስ ነው። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ሊስቅ ይችላል። ነገሩ ግን የታሰበበት ነው። እንቦጩ ካለቀ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ የሚሰበሰብ የለም፤ የሚሰበሰብ ከሌለ ማኅበር የለም፤ ማኅበር ከሌለ ደግሞ እንቦጩን ማን ይነቅለዋል?

ከደንቦቹ ሁሉ የከበረው የከፍታው ደንብ ነው። ሐይቁ ወንዝ ሆኖ በሚወጣበት አፍ ላይ የእንጨት በር አለ። ሲከፈት ውሃው ይሄዳል፣ ሲዘጋ ይጠራቀማል። ከበሩ አጠገብ፣ ውሃው ውስጥ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። ክረምቱ ሲወጣ ሊቀ መንበሩ ልብሱን ገልቦ ድንጋዩ ላይ ይቆማል። ውሃው እምብርቱ ጋ ከደረሰ እልል ይባላል። እምብርቱን ካለፈ በሩ ይከፈታል፣ ካልደረሰ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው ክረምት መውጫ በሩን የነካ እጁን ይቀጣል።

ደንቡ እንዲህ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ድንጋዩ ላይ ቆሞ፣ እጁን እምብርቱ ላይ አድርጎ «እስከዚህ ቢሆን ለታንኳውም ለእርሻውም ይበቃል» አለ። እውነትም በቃ። ብልህ ሰው ነበር፤ ግን እንደማንኛውም ሰው ሞተ፣ እምብርቱም አብሮት ተቀበረ። ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ። አንዱ «ልኩን እንጨት ላይ ምልክት አድርገን እናቁም» ቢል ተቆጡት፤ ያን የሚያህል ሰው በእንጨት መተካት ድፍረት ነው ተባለ። ስለዚህ «እስከ ሊቀ መንበሩ እምብርት» ብለው ጻፉ። የትኛው ሊቀ መንበር የሚለውን ለመጻፍ አፈሩ፤ አዲሱ ሊቀ መንበር እዚያው ተቀምጦ ነበራ።

ከዚያ ወዲህ ሐይቁ የሚኖረው በሰው ቁመት ነው። ረጅም ሲሾም የዳር ሰዎች አልጋቸውን ድንጋይ ላይ አውጥተው ይተኛሉ። አጭር ሲሾም ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይዘው ውሃውን ፍለጋ ይሄዳሉ። ማንም አላጉረመረመም። አንድ ሐይቅ ያለ እምብርት በምን ይለካል?

ዘመን ሄዶ ዘመን መጥቶ አቶ ቢያድግ ተሾሙ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሊቀ መንበር እንደ ባሕር ዛፍ የረዘሙ ስለነበሩ ውሃው ጓዳ ገብቶ ድስት ያንሳፍፍ ነበር። ሕዝቡ መረረውና አጠር ያለ ሰው ፈለገ፤ ሲፈልግ ደግሞ መጠን አላወቀም። አቶ ቢያድግ ድንጋዩ ላይ ሲቆሙ ውሃው ብብታቸው ጋ ደረሰ። እምብርት ተመልካች ሆነው የሚያገለግሉት አቶ ፈንታ ትንፋሻቸውን ይዘው ወደ ውሃው ገቡ፣ ዓይናቸውን ገልጠው አዩ፣ ወጡና ፂማቸውን ጨመቁ።

«እምብርቱ ሰጥሟል» ብለው አወጁ።

በሩ ተከፈተ።

በዚያ ቀን አንለይ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ደሴቱ ላይ ነበር። አሮጌው ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ስለከበደው ትኩስ ደንገል አጭዶ አዲስ ሊያስር ነው የሄደው። ሚስቱን ትርንጎን «ዛሬ ነገ ሳልል እመጣለሁ» ብሏታል። እሷም «በል ቶሎ ና፣ ጎመኑ ይጠወልጋል» ብላዋለች። ስንብታቸው ይኸው ነበር። ረጅም መለየት መሆኑን ቢያውቁ ሌላ ነገር ይባባሉ ነበር፤ ምናልባትም ያንኑ ይሉ ነበር።

አንለይ አዲሱን ታንኳ አስሮ ሲጨርስ ማዶ የሚያውቀው ዳርቻ ቦታው ላይ አልነበረም። ውሃው በሸሸበት ማጥ ቀርቷል። ማጡ ለታንኳ ውሃ አይደለም፣ ለእግር መሬት አይደለም። አንድ በሬ ልሻገር ብሎ ገብቶ ቀንዱ ብቻ ሲታይ ሰነበተ፤ ኋላም ቀንዱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የሞከረ የለም።

የደሴት ሰዎች ታንኳ የሚያደርቁት እንደ ሰው አቁመው ነው። አንለይ ታንኳውን በደሴቱ ጫፍ፣ ከዛፎቹ ወጣ አድርጎ አቆመው። ትርንጎ በየቀኑ ውሃው ወደነበረበት ትወርድና እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ታየዋለች። ትኩስ ታንኳ አረንጓዴ ነው፤ ሲሰነብት እንደ ገለባ ይነጣል፤ ከዚያ ይጠቁራል። በጠቆረ ቁጥር በቀን ሁለቴ ትወርዳለች። ከዚያ አንድ ቀን ስትወርድ በጥቁሩ ቦታ አረንጓዴ ቆሞ ታገኛለች። በሕይወት አለ ማለት ነው፤ እጁም ይሠራል ማለት ነው። ያን ቀን ፊቷን ታጥባ፣ ራሷን ተሠርታ ትውላለች። ጎረቤት «ማን ሊመጣ ነው?» ሲላት «ማንም» ትላለች፣ ፈገግ ብላ።

ዓመታቱ ሲደራረቡ ግን ማየቱ ብቻ አልበቃትም። ሲያስነጥስ፣ እርፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ እግሩን ሲታጠብ ይታወሳታል፤ ድምፁ ግን እየጠፋባት ሄደ። ጠዋት ስትነሣ ትፈልገዋለች፤ ትዝታዋ አንድ ቀን የጎረቤቱን፣ አንድ ቀን የወንድሟን ድምፅ ይሰጣታል እንጂ የእሱ አይመጣላትም። ይህ ነው ያስደነገጣት። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄደች።

አቶ ፈንታ በክብር ተቀበሏት።

«ጌታዬ፣ ባሌ ደሴቱ ላይ ቀረብኝ» አለች።

«ደሴቱ የእኛው ነው። በገዛ ግዛታችን ውስጥ ያለ ሰው ቀረ አይባልም።»

«ውሃ የለም እኮ። ምን ላይ ይምጣ?»

«ውሃ የለም ያለሽ ማነው?»

«ዓይኔ።»

«ዓይንሽ የማኅበሩ አባል ነው?»

«እኔ አባል ነኝ። እሱም አብሮኝ ነው የሚሰበሰበው።»

አቶ ፈንታ ከልባቸው አዘኑላት። ወንበር ሳቡላት። «ስሚኝ የኔ እመቤት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እምብርቱን ያየሁት እኔ ነኝ። ሐይቁ በልኩ ነው። ሐይቁ በልኩ ከሆነ ታንኳ ይሄዳል። ታንኳ እየሄደ ባልሽ ካልመጣ፣ አልመጣም ያለው ባልሽ ነው። ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ማኅበሩ በቤተሰብ ጉዳይ አይገባም።»

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። በቅዳሜው ሥራ ላይ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና አንዷን አላስችል አላት።

«ትርንጎ፣ ያንቺ ሰው ደሴቱ ላይ ጎጆ ወጣ አሉ።»

«ከማን ጋር?»

«ከዳክዬ ጋር።»

ተሳሳቁ። ትርንጎ ቀና አላለችም። «ወጥ የምትችል ከሆነች ግድ የለኝም» አለች። «እኔ የቸገረኝ ያስነጠሰው እንደሆነ ይማርህ የሚለው ማን ነው ብዬ ነው።»

በዚህ መሀል ውሃው የለቀቀው መሬት ዳር ዳሩ ጠጠር እያለ፣ ጥቁርና ለም ሆኖ ወጣ። የማኅበሩ ሹማምንት መሬቱ ራቁቱን እንዳይበርደው ብለው ሽምብራ ዘሩበት። የማን ሽምብራ እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው፤ ማሳው «የማኅበሩ የጥናት ቦታ» ይባላል። ጥናቱ ሽምብራ በጥሩ ዋጋ እንደሚሸጥ ደርሶበታል። የቅዳሜውም ሥራ ሽምብራ ማረም ሆነ። ደንቡ «ውሃ ውስጥ ያለ አረም» ስለሚል፣ ደንብ እንዳይጣስ አንድ ሰው ከፊት ከፊት እየሄደ በጣሳ ውሃ ይረጫል።

ትርንጎ ስታርም ዓይኗ የሰው ቁመት ላይ ሆነ። ከሰው ጋር ስትነጋገር ፊቱን ትታ ሆዱ ላይ ታፈጣለች። አቶ ቢያድግ የሥልጣን ዘመናቸውን ሊጨርሱ ተቃርበዋል፤ ምርጫ ይመጣል፤ ረጅም ሰው ከተሾመ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይመለሳል፣ ታንኳው ይመጣል። እንዲህ ቀላል ነው።

ጓንጉል የሚባል ጣሪያ ከዳኝ ነበረ፤ በዕድሜው መሰላል ተጠቅሞ አያውቅም። በሰው በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ሥራው ስለሆነ ትሑት ይመስላል። ትርንጎ የአንድ ጎረቤት ጣሪያ ሲያስተካክል አገኘችው።

«አያ ጓንጉል፣ ሊቀ መንበር ሁን።»

«እኔ? ስለ ውሃ ምን አውቅና? ከመታጠብ ሌላ።»

«ማወቅ አይጠየቅም። መቆም ነው።»

«መቆም ብቻ?»

«ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ።»

አሰበበት። ሣሩን ከጣሪያው ላይ ማስተካከሉን ሳያቆም ነው ያሰበው። «መቆምንስ እችላለሁ» አለ። «ሌላ ነገር እንዳታመጡብኝ እንጂ። ለአንለይ ነው አይደል? አንዴ በነፃ አሻግሮኛል። ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ እናቴ ትሙት።»

ምርጫው ፍትሐዊ ነው። ፊት ሰውን ያሳስታልና ተወዳዳሪዎቹ ከአቡጀዲ መጋረጃ ኋላ ይቆማሉ፤ እምብርታቸው ባለበት ልክ መጋረጃው በከሰል ይነጠባል፤ ሕዝቡ ነጥቦቹን አይቶ ይመርጣል። ሽምብራ አጥኚዎቹ ከአቶ ቢያድግም ያጠረ ሰው ፈልገው አምጥተው ነበር፤ የእሱ ነጥብ ከመጋረጃው የታች ጫፍ ብዙም አልራቀም። የጓንጉል ነጥብ ብቻዋን ከላይ ቀረች። ትርንጎ ቤት ለቤት ስትዞር ከርማለች፤ ዓሣ አጥማጁም፣ ደሴት ላይ ዘመድ ያለውም፣ ውሃ የናፈቀውም ሁሉ ወደ ላይኛዋ ነጥብ ጣቱን ቀሰረ። ጓንጉል ተመረጠ። በሳምንቱ ከጥናት ቦታው አንድ ማሳ ተሰጠው፤ እንዲያርሰው ሳይሆን እንዲያየው ብቻ ነው ተባለ። እሱም አየው።

የመለኪያው ቀን ደረሰ። ዝናቡ ቆሟል፣ ወንዞቹ ግን ገና ሙሉ ናቸው፤ በሩ ከተዘጋ ሐይቁ ሳይውል ሳያድር ይመለሳል። ማዶ ደሴቱ ላይ አረንጓዴ ታንኳ ነበረ፤ በዚህ ቀን ግን እንደወትሮው አልቆመም፤ ተጋድሞ፣ አፉ ወደዚህ ዞሮ ነበር። አንለይ በሩ ሊዘጋ መሆኑን እንዴት እንደሰማ እንጃ። ትርንጎ ያን አይታ ከጓሮዋ ጎመን ቀጥፋ፣ ገና ሳትከትፈው፣ መሶብ ላይ አስቀምጣ ነው የመጣችው።

ጓንጉል ልብሱን ገልቦ ድንጋዩ ላይ ቆመ። ውሃው ጭኑ ጋ ቀረ። እምብርቱ ከላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየው ነበር። የበሩ ሰዎች መዝጊያውን ጨብጠዋል። ሴቶች ለእልልታ ትንፋሽ ስበዋል።

አቶ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከመለካታችን በፊት» አሉ፣ «ማኅበሩ ለአዲሱ ሊቀ መንበር ትንሽ ስጦታ አለው።»

ሁለት ሰዎች በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ተሸክመው ወደ ውሃው ገቡ። ሲገለጥ በርጩማ ነው፤ የተጠረበ፣ ቅቤ የተቀባ፣ እግሮቹ አጫጭር። ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

«ሊቀ መንበር ቆሞ ሲውል አይተን የሚያስችል አንጀት የለንም» አሉ አቶ ፈንታ።

ጓንጉል በርጩማውን አየ። «ደንቡ መቆም አይልም እንዴ?»

«ደንቡ እስከ እምብርት ነው የሚለው። ሲቀመጡ እምብርትዎን ትተውት አይቀመጡም።»

ጓንጉል ዙሪያውን አየ፤ ማሳውም ከዚያ ይታይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ጣሪያ ሥር ሲቆም የኖረ ሰው ነው፤ «ተቀመጥ» ያለው ሰው ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ተቀመጠ። ውሃው ደረቱ ጋ ወጣ።

ትርንጎ ወደ ውሃው ጠርዝ ቀረበች። «አያ ጓንጉል፣ ተነሣ እንጂ» አለችው፣ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ።

«ትንሽ ልረፍ እቴ።»

«መቆም ነበር እኮ ውላችን።»

«መቆሜ መች ይቀራል። ግን ተቀምጫለሁ አሁን፤ ወዲያው ብድግ ብል ስጦታውን ናቀ አይሉኝም?»

አቶ ፈንታ ወደ ውሃው ገብተው ወጡ። «እምብርቱ ሰጥሟል።»

በሩ እስከ ታች ተከፈተ። እልልታው ተዘጋጅቶ ስለነበር አንዳንዶቹ ሳያስቡት ለቀቁት።

ውሃው እንዴት እንደሄደ በዝርዝር አልናገርም፤ ሐኪሙም ይህን ያህል አላዘዘኝም። ሹማምንቱ የፈለጉት ጥቂት ተጨማሪ ማሳ ነበር እንጂ ሌላ ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም። ግን ፀሐይ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች የተረፈውን ሳታስፈቅድ ወሰደችው። ዓሣዎቹ በጠበበው ቦታ እንደ ገበያ ሰው ሲጋፉ ሰነበቱና ጸጥ አሉ። ወፎቹ አንድ ጠዋት ተነሥተው ሄዱ። ማጡ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፤ የበሬውን ቀንድ ያስታወሰ ሁሉ ግን ሊረግጠው አልደፈረም። ሽምብራውም ከርሱ ጋር ደረቀ፤ ጥናቱ በዚህ ላይ እስካሁን መልስ አላገኘም።

ሕዝቡ «ሐይቁ የታለ?» ማለት ጀመረ። ማኅበሩም የሐይቁን ከፍታ ለመጠበቅ የተቋቋመ ነውና እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለግልጽነት ሲባል መለኪያው በየሳምንቱ እንዲሆን ተወሰነ። በሊቀ መንበሩ በርጩማ ዙሪያ የጭቃ ክብ ተሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝቡ ከሩቅ ጉድጓድ በእንስራ ውሃ እየቀዳ ክቡ ውስጥ ይጨምራል፤ ጓንጉል ገብቶ ይቀመጣል፤ አቶ ፈንታ ያያሉ። «እምብርቱ ጋ ነው» ይላሉ፤ ይጨበጨባል። መላሹም ከሌላ አገር ያስመጣትን አንዲት እንቦጭ ከሊቀ መንበሩ ጎን ያስቀምጣታል።

ትርንጎም እንስራዋን ተሸክማ ትሰለፋለች። ዓይኗ ግን ማዶ ነበር። ከመለኪያው ቀን በኋላ አንለይ ታንኳውን መልሶ አቁሞት ነበር። ነጣ። ጠቆረ። ውሃ ከሌለ ደንገል አይበቅልም፤ ተተኪ አልመጣም። ጥቁሩን ስታይ ከረመች፤ ጥቁርም ቢሆን አለ ብላ። አንድ ዓርብ ብትወርድ ጥቁሩም ከቦታው የለም። እስኪመሽ ቆማ አየች። የለም።

ቅዳሜ ተራዋ ደርሶ ክቡ ውስጥ ውሃ ስትጨምር ጓንጉል «ቀስ አድርገሽ እቴ፣ ይበርደኛል» አላት።

«ባሌ ሞተ መሰለኝ» አለችው።

ጓንጉል ዓይኑን ውሃው ላይ ጣለ። «ድንኳን እናዝዝልሻለን» አለ። «የማኅበሩን ትልቁን።»

ባዶ እንስራዋን ልታነሣ ስትል ከሰልፉ ኋላ አንድ ሰው «ታንኳ አየሁ» አለ፣ ራሱም ሳያምን።

ሁሉም ዞረ። ሐይቁ በነበረበት ሜዳ ላይ፣ ሙቀቱ ከመሬት እየተነሣ በሚርገበገብበት፣ አንድ ጥቁር ታንኳ ብቻውን ወደዚህ ይመጣል። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ማዕበል እንዳለ ሁሉ።

«ይኸው» አሉ አቶ ፈንታ። እውነት ደስ ብሏቸው ነበር። «ታንኳ እየሄደ ነው። ውሃ ከሌለ ታንኳ ይሄዳል?»

ከባድ ጥያቄ ነበር። ሰዉ አሰበበትና አጨበጨበ። ጓንጉልም ተቀምጦ አጨበጨበ፤ ውሃው ተረጫጨ።

ትርንጎ አላጨበጨበችም። ከታንኳው ሥር ሁለት እግሮች አየች። እንስራዋን ትታ ከክቡ አልፋ ወደ ሜዳው ወረደች።

«ሴትዮ፣ ወዴት ነው? እዚያ ጋ ጥልቅ ነው፣ ትሰጥሚያለሽ» አሏት የበሩ ሹም። አንዳንድ ሴቶች ላለማየት ፊታቸውን ሸፈኑ። እሷም ልማድ ሆኖባት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብሰብ አደረገች።

መሀል ላይ ተገናኙ። ታንኳውን በራሱ ላይ ደፍቶ ስለተሸከመው ፊቱ አልታየም ነበር። ቀስ ብሎ አወረደው። ከስቷል፣ ፂሙ ነጭ ሆኗል። ለረጅም ጊዜ ያጠራቀመችው ንግግር ነበራት፤ ቢፈለግ አልተገኘም።

«ቆየህ» አለችው።

«ደንገሉ አለቀብኝ» አላት።

«ምነው ይሄን እንኳ ትተህ ብትመጣ? አንገትህ እስኪቀጥን።»

«ታንኳዬን ትቼ? በእግሩ መጣ ልባል ነዋ።»

ሳቀች። ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሊሄድ ሲል እጁን ዘርግቶ ክንዷን ያዘ። «ነይ ግቢ» አላት፣ እንደ ድሮው፣ እንዳይገለበጥ ጠርዙን በእግሩ ረግጦ። ገባች። እሱም ገባና ትይዩ ተቀመጠ፤ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። የደረቀው ደንገል ከሥራቸው ተንኮሻኮሸ።

«እዚህ ጋ ነበር ጥልቁ» አለ።

«አውቃለሁ። እዚህ ስንደርስ ዝም ትል ነበር።»

«እፈራ ነበራ።»

«ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ቀዛፊ ፈራሁ ይላል?»

ከሩቅ ጭብጨባው ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ቆመ።

«ቤት እንሂድ?» አለች።

«ቤታችን ከውሃው ምን ያህል ይርቃል አሁን?»

«ውሃው የለም እኮ አንለይ።»

ሜዳውን በአራቱም አቅጣጫ አየ። ብዙ ዓመት የሚያሻግረው ውሃ ሲጠብቅ ኖሮ አሁን ተሻግሯል፤ የተሻገረው ነገር ግን የት እንዳለ ማወቅ አቃተው። «እንሄዳለን» አላት። «ትንሽ እንቀመጥና።»

«እንቀመጥ» አለች። ክንዷን በታንኳው ጠርዝ ላይ አሳልፋ እጇን ወደ ውጭ ለቀቀችው፣ ጣቶቿ ውሃውን እንዲዳስሱት። ያገኙት የተሰነጠቀ መሬት ነው፤ ፀሐይ አሙቆታል። እጇን አልሰበሰበችም።

እንግዲህ አደራችሁን፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሩ። ማኅበሩ ያን ቀን ታንኳ በውሃ ላይ እንደተሻገረ አምኖ ደስ ብሎታል፤ ከዚያ ወዲህ ደስታ አላየምና ይህችን አትንኩበት። ሁለቱ ሰዎችም እዚያው ተቀምጠዋል ይባላል። ሐይቁ መሀል ሰው መኖሩ ከተሰማ «የታንኳ መንገድ ዘጋችሁ» ተብለው መነሣታቸው አይቀርም። ዝናብ የጣለ ቀን ወደዚያ አቅጣጫ ዞር ብትሉ ግን አልከለክላችሁም፤ እኔም እዞራለሁ። ለምን ዞራችሁ የሚል ቢመጣ አንገታችንን አሞን ነው በሉ። እኔንም አልሰማችሁኝም።